ቡናማው ሽቦ

«ወንድምአገኘሁ ወደ መጠጡ ተመልሷል አሉ። ዓርብ ማታ ከነሞተሩ ቦይ ውስጥ የተገኘው ሰክሮ ነው።»

ይህ ቃል የወጣው ከዙበይዳ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። አራጋው ውጭ፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ ሥር ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ነበርና አንድም ሳያመልጠው ሰማ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ማለዳ ላይ እንዲህ ነው፤ ሻዩ ሃምሳ ሳንቲም፣ ወሬው በነፃ። ሌላኛው ድምፅ ሰውየው ሞተሩ በራሱ ጊዜ ጠፋብኝ እያለ መሆኑን ተናግሮ ሳቀ፤ ሞተር እንደ ሰው አኩርፎ ይጠፋል እንዴ ሲልም ጨመረበት። ሦስተኛው ደግሞ ሚስቱ ሊድያ ቅዳሜ ጠዋት ልጇን አዝላ ገራዶ እናቷ ቤት መግባቷን፣ እናትየዋ ወለተ ማርያም ከእንግዲህ ልጄን ለሰካራም አልመልስም ማለታቸውን እስከ ነጠላቸው አጣጣል ድረስ ተረከው። ዙበይዳ ብቻ ብርጭቆ እያጠበች «ወላሂ እኔ ሲጠጣ አላየሁም፤ ያላየሁትን ደግሞ አላወራም» አለች። አራጋው ሻዩን አጋምሶ ተነሣ።

ሐሙስ ዕለት የዚያን ሞተር ሽቦ የነካካው እሱ ነው። ወንድምአገኘሁ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል፤ ጠዋት ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል፣ ክረምቱን ሙሉ ጉም ለጉም። ሞተሩ አሮጌ የጃፓን ሥሪት ነው፤ ፍሬቻው ወይ ግራ ወይ ቀኝ ይላል እንጂ አራቱም ባንድ ጊዜ የሚበሩበት ማብሪያ አልተፈጠረለትም። ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና እንዲያየኝ ብሎ ለምኖት አራጋው ማብሪያውን ከነእጅ ሥራው በሠላሳ አምስት ብር ገጠመለት። አሁን በጭቃው ላይ ወደ ሱቁ ሲራመድ ፍርሃት ያዘው። ያልሰከረ ሰው ሰከረ መባሉ አሳዝኖታል፤ ያስፈራው ግን ሌላ ነው። የዚህ ነገር እውነት ከተፈለገ መንገዱ የሚያመራው ወደ እሱ ዓይን መሆኑን ያውቃል።

ሁለት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ጭስ የገባበት መስሎት ሲያሽ ከረመ። ቀይና ሰማያዊ አሁንም አይጠፉትም፤ ቡናማና ብርቱካናማ ግን አንድ ሆነውበታል፣ አረንጓዴና ጥቁርም ደመና ያለ ቀን ይምታቱበታል። ሽቦ ደግሞ ሥራው ሁሉ በቀለም ነው። ለማንም አልተናገረም፣ ለሚስቱ ለብዙዬ እንኳ። አባቱ ዓይናቸውን የመንደር አዋቂ በምላጭ ነክቶባቸው ጭልጥ ብሎ ጨልሞባቸው ነው የሞቱት፤ ስለዚህ ዓይንና ምላጭ ባንድ ላይ ሲነሡ ወሬውን ትቶ ይሄዳል። ሱቁ ከተዘጋ ደግሞ ሁለቱም ጦም አዳሪ ናቸው። ሲጨንቀው አንድ ዘዴ አበጀ። ብዙዬ ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ክር መጠቅለያ ክፍል አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታ ሳሉ ሲጠናባት ነው የወጣችው፤ ሲያሰናብቷት የሰጧት ጥቂት ጥቅል ነጭ ክር ነበራት። አንዱን ሽቦ ላስርበት ብሎ ጠየቃት፤ ለምን ሳትል ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ ሞተር ሲመጣለት ጠዋት ፀሐይ ላይ ያወጣውና ሽቦዎቹን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ እያየ ክር ያስርባቸዋል፤ ከባትሪ ለሚመጣው አንድ ቋጠሮ፣ መብራቶቹን ለሚመግበው ቡናማ ሁለት፣ ወደ ካንዴላው እሳት ለሚወስደው ብርቱካናማ ሦስት። ከምሳ በኋላ ሥራውን ሲጀምር ዓይን ምን ይሠራል? ጣቱ ይቆጥራል። ደንበኛው ሲያየው የቆየ የሙያ ሥርዓት ይመስለዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ሞተር ተበላሸ ብሎ የተመለሰበት ሰው የለም፤ አራጋውም ቀስ በቀስ በጣቶቹ መኩራት ጀምሮ ነበር። ሐሙስ ግን ፀሐይ አልነበረም።

ሱቁ አንዲት ክፍል ናት፤ ኪራይዋ በወር ስልሳ ብር። በሩ አጠገብ የሥራ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ የተሰበሩ ፍሬቻዎችና ባለቤት ያጡ ቁልፎች፣ በስተጀርባ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደች ጎን ማሳረፊያ አግዳሚ። ጥግ ላይ የእንስሳት ሐኪሙ የአቶ ሞላልኝ ሞተር ሽቦው ተሠርቶ አልቆ፣ ከአዲስ አበባ ጎማ እስኪመጣለት ቆሟል። ሦስት ሰዓት ላይ ወንድምአገኘሁ ሞተሩን እየገፋ መጣ። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ግራ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ ሳይላጭ፣ ሰላምታውን ጎንበስ ብሎ አቀረበ። አራጋው ወቀሳ ጠብቆ ነበር፤ ወቀሳ አልመጣም። ልጁ በርጩማው ላይ ተቀምጦ የሆነውን እንደ ተማሪ በተራ በተራ ነገረው። ዓርብ አመሻሹ ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን እየወጣ ሳለ ጉሙ ወደቀና የፊት መብራቱን አበራ። አዲሱን ማብሪያ ተጫነና አራቱም ፍሬቻ በራ። ወዲያው ሞተሩ ማሳል ጀመረ፤ ፍሬቻው ብልጭ ባለ ቁጥር አንድ ጊዜ ይስላል፣ እንደሚቆጥር ሰው። ከዚያ ጭርሱን ጠፋ። ከኋላው የጭነት መኪና ድምፅ ሲመጣ መሪውን ወደ ቦይ ጠመዘዘና ወደቀ።

ነገሩን ያከረረው መውደቁ ብቻ አልነበረም። የመንገድ ዳር ገበሬዎች አንሥተውት፣ የተላጠ ክንዱን የሚያጥቡበት መድኃኒት ሲያጡ አረቄ አፈሰሱበት። እንዲያ ሆኖ፣ ጭቃ በጭቃ፣ እያነከሰ፣ አረቄ አረቄ እየሸተተ ቤቱ ደረሰ። ሊድያ በሩን ከፈተች፣ አሸተተች፣ ምንም ሳትል ወደ ልጇ ተመለሰች። ወንድምአገኘሁ ያን ዝምታዋን ሲናገር ፋሻውን ይነካካ ነበር። ድሮ ይጠጣ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ገራዶ ወርዶ በአማቱ ፊት ገብርኤልን ጠርቶ ምሎ ተወ፤ ከዚያ ወዲህ ጠላ እንኳ አልቀመሰም። ዛሬ ሰኞ ገበያ ነውና እናትና ልጅ ወደ ደሴ ይወጣሉ፤ በሰው ለምኖ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚህ ሱቅ እንዲያልፉና ከባለሙያው አፍ እንዲሰሙ አስደርጓል።

«ሌላ ሰው ጋ ውሰደው ብለውኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ» አለ። «ጋሼ፣ እርስዎ የነኩትን ሌላ ሰው አላስነካም። ያጠፋውን ነገር ያግኙልኝ። ካልተገኘ እኔም ራሴን መጠርጠር ልጀምር ነው።»

አራጋው አብሽር፣ አይዞህ አለው። ልጁን ለፋብሪካው የፈቃድ ደብዳቤ እንዲያደርስ ልኮ ሞተሩን ብቻውን ተያያዘው። መጀመሪያ አስነሣና አራቱን ፍሬቻ አበራ፤ ምንም አልሆነም፣ ጢቅ ጢቅ እያለ በሰላም በራ። ሐሙስ ዕለትም የሞከረው እንዲሁ ነበር። ከዚያ ትዝ አለውና ትልቁን የፊት መብራት ጨመረበት። ይኸኔ ሞተሩ ሳለ። ብልጭ፣ እህ፤ ብልጭ፣ እህ። በስድስተኛው ላይ ጠፋ። አራጋው ደንግጦ መሪውን ይዞ ቆመ። ልጁ ቃል በቃል እውነቱን ነበር የተናገረው፤ እሱ ሐሙስ ዕለት የፊት መብራት ሳያበራ መሞከሩም የመጀመሪያው ጥፋቱ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ የሚያውቀውን ሁሉ ፈተሸ። የአራቱን ፍሬቻ አምፖል አንድ በአንድ አውጥቶ አየ፤ ደኅና ናቸው። ጢቅ ጢቅ የምትለዋን ዕቃ ከግድግዳው ላይ ባለች ሌላ ቀየራት፤ ሞተሩ አሁንም ሳለ። የቁልፉን ቤት ፈትቶ በቤንዚን አጠበው፣ ውስጡ ያሉትን መዳቦች በአሸዋ ወረቀት አሻቸው፣ ቁልፉን እያወዛወዘ ሞከረ። አሮጌ ሞተር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ከአሥር ዘጠኙ ጥፋቱ እዚያ ነውና ተስፋ አድርጎ ነበር፤ መዳቦቹ ግን የሚታሙ አልነበሩም። የቀረው ሽቦው ነው። መቀመጫውን አንሥቶ ጣቶቹን ሰደደ። አንድ ቋጠሮ ከባትሪው። ሁለት ቋጠሮ፣ ፍሬቻው የተቀጠለበት። ሦስት ቋጠሮ ወደ ካንዴላው። ሁሉም በየቦታው ነው። ሞተሩን ወደ በሩ ገፍቶ ሁለቱን ሽቦዎች ዓይኑ ሥር አስጠጋቸው፤ ሰማዩ ሊጥ ነው፣ ሽቦዎቹም ሁለቱም የተበጠበጠ ቡና ቀለም። ተናደደና ለማነፃፀር ወደ ሞላልኝ ሞተር ሄደ። እዚያም ጣቱን ሰደደ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቆጠራው ልክ ነው። ነገር ግን ጣቱ አንድ እንግዳ ነገር አገኘ። ሁለቱና ሦስቱ ቋጠሮዎች ትናንሾች ናቸው፤ ጠፍጣፋ፣ ጫፋቸው የተከረከመ፣ ጅራት የሌላቸው። የእሱ ቋጠሮ እንዲህ አይደለም፤ የእሱ ጎባጣና ባለጅራት፣ በግ ለማሰር የሚሆን ነው። ከዚህ በፊትም እንዲህ ያለ ነገር ጣቱ ሥር ገብቶበት ክሩ ሲያረጅ የሚሟሽሽ መስሎት ያልፈው ነበር። ዛሬ አላለፈውም።

ስድስት ሰዓት ላይ ብዙዬ እንደ ወትሮዋ ምሳ ሳህኑን በነጠላ ቋጥራ መጣች። ምስር ወጥ ነበር። ከሳልዋ በስተቀር ድምፅ የላትም፤ ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረው ቃላቸው እየቀነሰ ሄዷል፣ ግን በክፋት አይደለም፣ የሚነገረው ሁሉ ስለተነገረ ይመስላቸው ነበር። እየበላ የወንድምአገኘሁን ነገር አወራላት፤ አወዳደቁን፣ አረቄውን፣ የሊድያን መሄድ፣ የሞተሩን ሳል። ብዙዬ እያዳመጠች እንጀራ ትቀድለት ነበር።

«መቼ ነው የገጠምክለት?» አለችው።

«ሐሙስ።»

እጇ እንጀራው ላይ ቆመ። ሐሙስ ብዙዬ ኮምቦልቻ ነበረች፤ የእህቷ ልጅ ክርስትና ነበርና ጠዋት ወርዳ ማታ ነው የተመለሰችው። የዚያን ቀን ምሳውን ዙበይዳ ጋ በላ። አራጋው እጇ መቆሙን አየ፤ ቀለም ባይለይም እጅ ሲቆም ይታየዋል። ከምሳ በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ ለግማሽ ሰዓት ጎኑን ማሳረፍ ልማዱ ነው፤ እሷ በዚያ ጊዜ ሱቁን ትጠርጋለች፣ ሳህን ታጥባለች። ተነሥቶ ገባና ተጋደመ። እንቅልፍ ግን አልወሰደውም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ብቻ አስቀረ።

መጀመሪያ የመጥረጊያ ድምፅ መጣ። ከዚያ መጥረጊያው ግድግዳ ላይ ተደገፈ። በርጩማ ተጎተተ። ብዙዬ ሳልዋን በነጠላዋ አፍና ያዘች፤ ሳሉ ሊቀሰቅሰው ይችላልና። ከዚያ ምንም። አራጋው በማዳበሪያው ቀዳዳ አንድ ዓይኑን ከፈተ። ነጭ ነጠላዋ በሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሏል፤ እጆችዋ መቀመጫው ሥር ገብተዋል። አልቸኮለችም። የምትፈታው ይፈታል፣ የምትቋጥረው ይቋጠራል፣ በመጨረሻም ክሩን በጥርስዋ በጠስ አድርጋ የቆረጠችበትን ድምፅ ሰማ። ያቺን ድምፅ ያውቃታል፤ የሸሚዙን ቁልፍ ስትተክልለት የሚሰማት ናት። ሙሽሮች ሳሉ ፋኖስ እየያዘችለት ቀለሞቹን እንደ ዘፈን ያስተማራት ራሱ ነበር፤ ቡናማ ለመብራት፣ ብርቱካን ለካንዴላ። ረስታዋለች ብሎ ነበር። ብዙዬ ሳህኖቹን ይዛ ወደ ቧንቧው ወጣች።

ተነሥቶ ሄደና ዳሰሰ። ሁለቱ ቋጠሮ ፍሬቻው ከተቀጠለበት ሽቦ ላይ ጠፍቶ ከጎኑ ባለው ላይ ታስሯል፤ ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ ጅራት የለሽ። ፍሬቻው የተቀጠለበት ሽቦ አሁን ሦስት ቋጠሮ አለው። ነገሩ ግልጽ ሆነ። አራቱን ፍሬቻ ከካንዴላው አፍ እየነጠቀ ነበር ያበራቸው፤ በበሩ ቁጥር ሞተሩ ይራባል፣ የፊት መብራት ሲጨመርበት ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር ግን ገባውና በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲኮራበት የነበረው ጣት የእሱ አልነበረም። መጀመሪያ ተናደደ፤ እንደ ሕፃን ቂጤ ሲጠረግ ኖርኩ አለ በሆዱ። ቀጥሎ አፈረ። ከዚያ ሴትዮዋ በዚያ ሳልዋ፣ በየምሳ ሰዓቱ፣ ትንፋሽዋን ይዛ ሞተር ላይ ስታጎነብስ ታየችውና ሁለቱም ስሜቶች ለቀቁት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ለማየት የሰነፈ ዓይን ለማልቀስ አልሰነፈም።

መውጫው ቀላል ነበር። ሽቦውን ከዚህ ነቅሎ እዚያ መቀጠል አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ጥፋቱ የቁልፉ ቤት ማርጀት ነበር ቢል ማንም የሚጠራጠረው የለም፣ ልጁም ስሙ ይነጻለታል፣ እሱም ሱቁን ይዞ ይቀጥላል። ፒንሳውን አንሥቶ ጎንበስ ሲል ግን በሩ ጨለመ። ወንድምአገኘሁ ነበር፤ ከኋላው ወለተ ማርያም፣ ከእሳቸው ኋላ ሕፃን ያዘለች ሊድያ። ከገበያ የመጣ የበርበሬና የእርጥብ ሱፍ ሽታ አብሯቸው ገባ። ወለተ ማርያም ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው ቀጭን ሴት ናቸው፤ የቀረበላቸውን በርጩማ አልፈለጉም፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሊድያ ባልዋን አላየችውም፤ ፋሻውን ግን አየችው። ብዙዬም የታጠበውን ሳህን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ደረሰችና በዚያው ቆመች።

አራጋው ያዘጋጀውን ተናገረ። የቁልፉ ቤት አርጅቷል፣ እትዬ፣ ሲነቃነቅ ያቋርጣል፣ ልጁ ጥፋት የለበትም አለ። ድምፁ ለራሱም ሌላ ሰው የሚያወራ መሰለው።

«ይህ ሞተር ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ ወለተ ማርያም።

አሥራ አምስት ይሆነዋል አላቸው።

«አሥራ አምስት ዓመት ያላረጀ ቁልፍ ለዓርብ ማታ ጠብቆ አረጀ?» ዱላቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ። «አራጋው፣ ወንድ ለወንድ ገመና ይሸፍናል፣ አልፈርድብህም። እኔ ግን የምመልሰው ልጄን ነው። እውነት ከሆነ በማርያም በለኝና ይዣት ሳልሄድ ልመለስ።»

አፉን ከፈተ። ወንድምአገኘሁ አንገቱን አቅንቶ እየጠበቀው ነው፤ ፊቱ ለአራጋው ጉም ውስጥ እንዳለ ሰው ነው የሚታየው፣ እንደሚያምነው ግን በደንብ ይታያል። ደጃፉ ላይ ብዙዬ ሳህኑን ደረትዋ ላይ አስጠግታ ይዛዋለች።

«አልምልም፣ እትዬ» አለ። «ቁልፉ ምንም አልሆነም። ልጁም አልጠጣም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ዓይኔ ቀለም አይለይም። ሽቦ ተሳሳትኩና መንገድ ላይ ጣልኩት።»

አራጋው ከጀመረው በኋላ ማቆም አልቻለም፤ የክሩን ነገር፣ የሐሙስን ደመና፣ የፊት መብራቱን አለመሞከሩን አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ከዚያ ወደ ደጃፉ ዞረ።

«ብዙ፣ እስቲ ነይ። ይህ ሽቦ ምን ቀለም ነው?»

ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋት አያውቅም። ብዙዬ ሳህኑን የምታስቀምጥበት ጠፍቷት ለሊድያ ሰጠቻትና መጥታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ብርቱካን» አለች።

«ይሄኛውስ?»

«ቡናማ።»

ወለተ ማርያም ግን በቃል ብቻ የሚረኩ ሴት አይደሉም፤ የምታወራውን በዓይኔ አሳየኝ አሉ። አራጋው ሽቦውን ሳይነካ ሞተሩን አስነሣ፣ የፊት መብራቱን አበራ፣ አራቱን ፍሬቻ ጨመረ። ሞተሩ ሳለ። ብልጭ፣ እህ፤ ብልጭ፣ እህ። በስድስተኛው ጠፋ። ሊድያ ይኸኔ አንገትዋን ቀና አድርጋ ባልዋን አየችው። እንደሚቆጥር ሰው እየሳለ ጠፋብኝ ብለኸኝ ነበር፣ ልክ እንዲህ ነበር ያልከኝ፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁህ አለችው፤ ሳህኑን በአንድ እጇ እንደያዘች የተፈታውን የፋሻ ጫፍ በሌላው እጇ መልሳ ሸጎጠችለት። አራጋው በብዙዬ ጣት ጠቋሚነት ፍሬቻውን ከብርቱካኑ ነቅሎ ቡናማው ላይ ቀጠለ። እንደገና አስነሡት፤ አራቱም ፍሬቻ እየበራ፣ የፊት መብራቱም እየበራ፣ ሞተሩ ያለ አንዲት ሳል ዞረ። ወለተ ማርያም እስኪጠግቡ ቆመው ሰሙት። ቀጥሎ ዱላቸውን ለአማቻቸው አስይዘው የአራጋውን አገጭ በሁለት ጣት ያዙና ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት፤ አንዱን ዓይኑን አዩ፣ ሌላውን አዩ። የዓይን ሞራ ነው አሉ፤ እኔም ነበረብኝ፣ እዚሁ ሆስፒታል አወጡልኝ፣ ከትንኝ ንክሻ አይበልጥም። ከዚያ የሽምግልና ድምፃቸውን አወጡ።

«የሰው ስም ጠፍቷልና ካሳ አለብህ። አንደኛ፣ ወሬው ከተነሣበት ሻይ ቤት ገብተህ በገዛ አፍህ ትመልሰዋለህ። ሁለተኛ፣ ነገ ጠዋት ይህ ልጅ በዚሁ ሞተር ጭኖ ሆስፒታል ያደርስሃል። እምቢ ካልክ ልጄን ይዤ ገራዶ ነኝ።»

በሁለተኛው ካሳ ሊከራከር ነበር፤ ብዙዬ ክርኑን ያዘችው። እነሱ ወጡ፤ ሊድያ ሳህኑን መልሳ ሕፃኑን ከፊትዋ አቅፋ፣ ወንድምአገኘሁ በአንድ እጁ ሞተሩን እየገፋ፣ ወለተ ማርያም መሐላቸው። ፍሬቻው እንደበራ ነበር፤ ማጥፋቱን ማንም አላስታወሰም።

አራጋው የመጀመሪያውን ካሳ ሳይውል ሳያድር ከፈለ። ዙበይዳ ቤት ገባ፤ ጠዋት ካወሩትም ሁለቱ እዚያው ነበሩ። ቆሞ፣ ሻይ ሳያዝ፣ የወንድምአገኘሁን ሞተር ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ዓይኔ ታሟል፣ ልጁ ጠብታ አልቀመሰም አለ። አንዱ ብርጭቆውን ማየት ጀመረ። ሌላኛው ኸይር ነው፣ ኸይር ነው እያለ ተቁነጠነጠ። ዙበይዳ ሳያዛት ሻይ ቀድታ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ሳንቲሙን አልቀበልም አለች።

ሱቁን ሲቆልፉ አመሻሽቶ ነበር። ብዙዬ የተረፈውን የክር ጥቅል ከጠረጴዛው አንሥታ ጡብ የሚያህለውን ወደ መቀነትዋ ስትሸጉጥ አያት፤ ለስንት ዓመት የሚበቃ እንደነበር አሰበ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

ሳልዋ መጣ፣ ሄደ።

«ክር ክፍል ሳለሁ» አለች፣ «አንዲት ክር ስትበጠስ ማሽኑን አናስቆምም ነበር። ሌላው እየዞረ የተበጠሰችዋን ብቻ ይዘን እንቋጥራለን። አንተም እየሠራህ ነበር። ለምን አስቆምሃለሁ?»

አራጋው ቁልፉን ኪሱ ከተተ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጉሙም ወርዶ ማዶ ያለው የጎረቤት በር አይታይም፣ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለማንም።

«አሁን ቆምኩ እኮ፣ ብዙ።»

«አብሽር» አለችና እጇን በክንዱ ውስጥ አስገባች። «ይዤሃለሁ። በግራህ ድንጋይ አለ፣ እርገጠው።»

ረገጠው።